የጽዮን ዲፕሎማና የዘይቱ ጠርሙስ

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ካሩዥ ከተማ ባለችው የጸሎት አዳራሽ፣ ግዛው ወንበር እያጠፈ ከሌዊ ጋር ስለ ብርዱ ያወራል። የሌዊን እናት ጤና ጠየቀ። ሳህን የሚያጥብበት ሆቴል እንግዳ እንደበዛበት ነገረው። ከኋላቸው ከረባቱን ያጠበቀ አንድ የጉባኤው ሽማግሌ የማይክራፎን ገመድ ይጠቀልላል፤ ጆሮ ሥራ ሲይዝ እጅ እንደሚዘገየው፣ ቀስ ብሎ። ግዛው ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«ሌዊዬ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ዲፕሎማ ምን አውቃለሁ? ሰው ከማማትም ጌታ ይጠብቀኝ። ግን እኅታችንን ጽዮንን አየሃት? ዙሪክ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ፣ ነርስነቷ ከታወቀላት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፐርሚዋ፣ ይወጣል ተብላ፣ እንዴት ደስ ብሏት ነበር...»

ዲፕሎማዋን እንደ ልማዳቸው መድረክ ላይ አስቀምጠው ጸልየውበት ነበር። እጅ መጫን ለሌላው በቅቶታል። ጸጋ የበዛለት ግን አንድ አለ፤ ዘይት በጠርሙስ ይዞ መጣና ኦሪጂናሉ ላይ አፈሰሰው። ማኅተሙ ሰማያዊ ኩሬ ሆነ።

«ያዕቆብም ቀብቷል እኮ። የቀባው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ማኅተም የለውም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይላሉ... ዘይት ለማፍሰስ ግን ይበቃል አይደል?»

አሁን ዲፕሎማውን የሚመረምረው ቢሮ ማኅተሙን ማን ነካው ብሎ ጽፏል። ጽዮን ራሷ የፋቀችው መስሏቸዋል። ከአዲስ አበባ ሌላ ቅጂ ቢመጣም ጥርጣሬውን አያጥበውም። የቀባው ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ በፈረንሳይኛ ሁለት መስመር ቢጽፍና ቢፈርም ግን ይቀበሏታል። የተሰጣት ቀን ነገ ያልቃል።

«ሰው አጥተን አይደለም። ፈረንሳይኛው እንደ ጅረት የሚወርድለት፣ ቢሮ የሚውል፣ ከረባቱ እሑድ እንኳ የማይላላ ወንድም አለን... ምን ያድርግ? ትሑት ነው። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል ከመካከላችን የፈጸመው እሱ ብቻ ነው። ጽዮን ሦስት ጊዜ ስትደውልለት እንኳ አላነሳም። ለምን ይመስልሃል? እንዳታመሰግነው ፈርቶ ነው እንጂ።»

የገመዱ መጠቅለል ቆመ።

ግዛው የመጨረሻዋን ወንበር ሳያጥፋት ተዋት። ከኪሱ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ ላይዋ አኖረ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«በል እንመርቀው፣ ሌዊዬ። ለዜግነት ሊያመለክት ነው አሉ፤ ዲፕሎማው ብቻ አራት ነው... ጌታ ያክብረው። ያን ቀን ወረቀቶቹን ሁሉ፣ አንዱንም ሳያስቀር፣ እዚህ መድረክ ላይ ያኑርልን። እንደ እሱ ያለ ቅን እጅ ይዘዝለት። ጠርሙሱም ሙሉ ይሁንለት። አሜን በል።»