ያመጣሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ አጋማሽ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መገናኛ አካባቢ ያለ የግል ኮሌጅ ተማሪዎቹን ሲ.ኤም.ሲ በሚገኝ አዳራሽ አስመረቀ። ሥነ ሥርዓቱ እንዳበቃ የኮሌጁ የቅበላ ኃላፊ አቶ ሠረቀብርሃን፣ ነአምን ከሚባል ምሩቅ ላይ ጋዋኑን ተቀብለው፣ ደርበው ፎቶ ሲነሡ ጋዋኑ ብብቱ ሥር ተተረተረ።

የቀረው የሆነው ሚኒባስ ውስጥ ነው። የነአምን እናት ወይዘሮ እየሩስ እንግዶቻቸውን ለማመላለስ የሰፈራቸውን ሾፌር የዲንሳን ታክሲ ኮንትራት ይዘው ነበር። ድግሱ የተደገሰው ቤታቸው ነው፤ ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ። አቶ ሠረቀብርሃን ተጠርተዋል ማለት አይቻልም፤ አልተጠሩም ማለትም አይቻልም። በየዓመቱ እንደሚያደርጉት «ልጄንማ እቤቱ ድረስ እሸኛለሁ» አሉና ጋቢና ገቡ። ጋቢናው ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ጎረቤት ለእትዬ ጸሐዬ የታሰበ ነበር። እትዬ ጸሐዬ ከኋላቸው፣ ከወይዘሮ እየሩስ ጎን ተጣጥፈው ተቀመጡ። ነአምንና ጓደኞቹ መጨረሻውን ወንበር ያዙ።

አቶ ሠረቀብርሃን ደስ ብሏቸዋል። ከዚያን ቀን ምሩቃን ውስጥ ማንን ከየትኛው ትምህርት ቤት እንዳመጡ በቃላቸው ያውቃሉ። ነአምንን ያገኙት እንጦጦ ሥር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው፤ ዝናብ ይጥል ነበር፣ ድምፅ ማጉያቸው ውኃ ገብቶት ቃላቸውን ይቆራርጠው ነበር። ያ ልጅ መድረክ ላይ ስሙ ሲጠራ ከወንበራቸው ብድግ ብለዋል። መኪናው ሲነሣ ቀበቷቸውን አሰሩና ደገፍ አሉ።

ወዲያው ከኋላ የወይዘሮ እየሩስ ድምፅ መጣ። የሚያወሩት ለእትዬ ጸሐዬ ነው።

«ዝናቡ እንኳ ታገሠልን እትዬ። ጠዋት ደመናውን ሳየው ድንኳኑ በላያችን ሊያፈስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እዚህ ጋ ይዘርጉት፤ ቦርሳውን እኔ እይዘዋለሁ... ጋቢና ቢሆን ይመችዎ ነበር። ግን ጋቢና መንገድ ይታይበታል፤ መንገድ ማየት የሚወድ ሰው ደግሞ አለ። እርስዎማ ይህን መንገድ ዕድሜ ልክዎን አዩት፣ ምን ይሠራልዎታል?

«አዳራሹ አላማረም? አበባው፣ ምንጣፉ... እኔን ከሁሉ ደስ ያለኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎት? የልጄ ስም ሲጠራ ከእኔ ቀድሞ እልል ያለ ሰው መኖሩ። እኔ ገና አፌን ስከፍት ከፊት ወንበር እልልታው ቀለጠ። ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም ነበር። ዞር ብዬ ሳይ እንባቸው ይወርዳል! እንዴት ያለ ደግ ሰው ናቸው እባክዎ? በዚህ ዘመን ለሰው ልጅ እንዲህ የሚያለቅስ ማን አለ? እናት እንኳ እንደዚያ አታለቅስም። እናት ሥራ ይበዛባታል፤ ምሳ ትቋጥራለች፣ የተቀደደ ሱሪ ትጥፋለች፣ ልጁ ሲያመሽ በር ላይ ትቆማለች... ለእንባ ጊዜ የላትም። እሳቸው ግን ጊዜ አላቸው። በየዓመቱ ያለቅሳሉ አሉ፤ አንድም ዓመት አላጓደሉም።»

አቶ ሠረቀብርሃን ፈገግ አሉ። የተመሰገኑ መስሏቸዋል። ዲንሳ ግን በመስተዋቱ ወደ ኋላ አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«ልጁ የተመዘገበ ዕለት ትዝ ይለኛል። ሱቄን ዘግቼ፣ የልብስ ሜትሬን ካንገቴ ሳላወርድ፣ እጁን ይዤ ወሰድኩት። እዚያ ኮሌጅ ወግ አላቸው እትዬ፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ‹ማን አመጣህ?› ይሉታል። የኔ ሞኝ ‹እናቴ› አለ። አጠገቡ ቆሜያለሁ እኮ! እጁ እጄ ውስጥ ነው! ‹አይ፣ እሳቸውማ ይሁኑ፤ ወደ ኮሌጃችን ማን አመጣህ ነው የምልህ› አሉት እኚያ ሰው። ልጁ ዞሮ አየኝ። እኔም ራሴን አየሁ... እውነትም እኔ ማን ነኝ? የወለድኩት ነኝ እንጂ! ‹ትምህርት ቤታችሁ መጥቼ አልተናገርኩም?› ‹ተናግረዋል።› ‹በቃ! ያመጣሁህ እኔ ነኝ።› ይኸውልዎት። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ ያንን ዳገት በጀርባዬ አዝዬ ስወጣ ስወርድ አሳድጌ፣ ለካ ልጁን ያመጣው ድምፅ ማጉያ ኖሯል። ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ ድምፅ ማጉያ ፈልጌ አርፌ አልተኛም ነበር?»

ከመጨረሻው ወንበር ሳቅ ተሰማ፤ ቶሎም ተዋጠ። መገናኛ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ቆመ። አቶ ሠረቀብርሃን በመስኮቱ ሎተሪ አዟሪውን፣ ባቡር የሚጠብቀውን ሕዝብ፣ የማይነቃነቀውን የመኪና ሰልፍ አዩ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የቀረላቸው መውጫ አንድ ነው፤ በሩን ከፍተው መውረድ። ቢወርዱ ደግሞ የሚወራው ስለ እሳቸው እንደሆነ በገዛ እግራቸው መመስከራቸው ነው። «ያመጣሁህ እኔ ነኝ» ያሉት ለደስታ ነበር፤ ለሁሉም ይሉታል። የሚያስቀይመው ሰው ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

«ደንብም አላቸው። ‹ያመጣ ይለብሳል።› ጋዋኑን መጀመሪያ የሚለብሰው ያመጣው ሰው ነው፤ ከእናት በፊት፣ ከአባት በፊት። እኛ ሰፈር ልጅ ሲመረቅ ጋዋኑን ለእናቱ ያለብሳታል፣ ቆቡንም በሻሿ ላይ ይደፋላታል፣ አይደል? እኛ ኋላቀር ስለሆንን ነዋ። የእርስዎ ልጅ ሲያለብስዎት ቆቡ ዓይንዎ ላይ ወርዶ ነበር፤ ያን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ። እኔም ሱቄ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ በላይ፣ ልጄ ኮሌጅ የገባ ዕለት ምስማር መትቻለሁ። እስከ ዛሬ ባዶዋን ነበረች። ምስማር ምን አስቸኮላት? ትቆያለች። የሰው ዩኒፎርም ስለካ፣ የሰው ቬሎ ሳጠብ ቀና እያልኩ አያት ነበር። ‹ቆይ› እላታለሁ።

«ታዲያ የእሳቸው ትከሻ ሰፊ ነው፤ እግዜር ይጨምርላቸው። ከየድግሱ ለሚቀምስ ሰው ትከሻው ቢሰፋ ይገርማል? ጋዋኑ የነአምን ልክ ነው፤ ነአምን ደግሞ አባቱን መስሎ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ገፍተው ገፍተው ገቡበት። ከዚያ ቆቡን ሊወረውሩ እጃቸውን ሽቅብ ሲያነሡ... ጠርርር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሁልጊዜ ሴቷን ነበር የማማው። ለካ ወንዱም ብብት አለው።

«እኔ ተናደድኩ? ምን አናደደኝ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ደኅና ድር ሲገኝ ነው፤ የኪራይ ጋዋን ድር እንኳን አንበሳ የጠገበ ሰውም አያስር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ ሰው በቀደደው ደግሞ እኔ በመርፌ እገባለሁ። እንጀራዬ ነው። ተቀድዶ ቢመለስ የሚጠየቀው ልጄ አይደል? ቦርሳዬ ውስጥ መርፌና ክር አይጠፋም። ደረጃው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ጥቁር በጥቁር ላይ፣ ያለ መነጽር ሰፋሁት። እሳቸውማ ምን ያድርጉ፣ የሌላ ሰው ልጅ ጋዋን ይጠብቃቸዋል፤ ሥራ ነው። የመጨረሻውን ክር በጥርሴ ስበጥስ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ጠቅልሏል። ‹ልጄ፣ በስልክህም ቢሆን አንዴ› ብዬ ልለብሰው ስነሣ ጋዋን ሰብሳቢዋ መጣችና ከእጄ ላይ አነሣችው፤ ከነመርፌዬ! እንግዲህ ለከርሞ የሚለብሰውን ሰው አንድ ነገር ብብቱን ይወጋዋል። ተማሪው ከሆነ የእናት ፍቅር ነው ብሎ ይቻለው። ሌላ ሰው ከሆነ ግን... እኔ ምን አውቄ?»

አሁን የሳቀ የለም። ነአምን ከኋላ «እማዬ» አለ።

አቶ ሠረቀብርሃን የቀኝ እጃቸውን ሳያውቁት ብብታቸው ሥር ከትተው አገኙት። ጋዋኑ ሲቀደድ ሰምተው ነበር። «ችግር የለውም፣ እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው» ያሏቸውም ትዝ አላቸው፤ ማን እንዳላቸው ግን አላስታወሱም። ሴትየዋ ፎቶ አለመነሣታቸውን የሰሙት ገና አሁን ነው። ዞር ብለው ይቅርታ ሊሉ ፈለጉ። ግን ስሙ ያልተጠራ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?

መንገዱ ተከፈተ። መኪናው ሾላን አልፎ የቀበናን ድልድይ ተሻገረና ዳገቱን ያዘ። ዲንሳ ማርሽ ቀነሰ። የወይዘሮ እየሩስም ድምፅ እንደ መኪናው ቀስ አለ፤ ለዘብ አለ፣ ጣፈጠ።

«ደግሞ ዳቦ የሚቆርስ ሰው አላጣንም፤ ተመስገን። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ድግስ ካለ ከማንም የማይጣላ ሰውም አለ፤ እሱም ጸጋ ነው። እትዬ፣ ዳቦውን እርስዎ ይባርኩልኝ ብዬ ነበር፤ አይቀየሙኝ፣ ያመጣ ይቆርሳል የሚል ደንብም ይኖር ይሆናል። ላጣራ።

«እኔን የገረመኝ ትሕትናቸው ነው። እንደዚያ የተማረ ሰው፣ ስንትና ስንት ዲግሪ እቤቱ የሰቀለ ሰው፣ የገዛ ጋዋኑን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ከሕፃናት ጋራ የኪራይ ጨርቅ ሲሻማ! የእሳቸው ግድግዳ ሞልቶ መሆን አለበት ወደ እኔዋ ምስማር የመጡት። ሌላ ምን ይሆናል? ጋዋን ያልጠገበ ሰው ቢሆኑማ እናዝንላቸው ነበር...

«በል ዲንሳ፣ እዚህ ድንኳኑ ጋ አቁምልን። እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ቆይ፣ ሳንወርድ ልመርቃቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ለሰው ልጅ እንዳለቀሱ የሚያለቅስላቸው አያሳጣቸው። በገዛ ልካቸው የተሰፋ፣ ብብቱ የማይጠብ የራሳቸውን ጋዋን ለብሰው፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ለማየት ያብቃን። ያን ቀን ደግሞ ከእናታቸው በፊት... እኔ ልልበስላቸው። አሜን በሉ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሁሉ አሜን አለ። ከጋቢናም አንድ አሜን ተሰማ፤ ዝግ ያለ።

ወይዘሮ እየሩስ አንድ ነገር አያውቁም ነበር። አቶ ሠረቀብርሃን ተመርቀው አያውቁም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለአንድ ክረምት ማስታወቂያ ሊለጥፉ ኮሌጁ ገቡ፤ ተናጋሪ ናቸው ተብለው እዚያው ቀሩ። የለበሱት ጋዋን ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

በዚያ ቀን ከመኪናው ወርደው ለእትዬ ጸሐዬ በሩን ያዙ፤ ዳቦው ሲቆረስ ከድንኳኑ ውጪ ቆሙ፤ ሳይበሉ ሄዱ።

በመስከረም እዚያው ኮሌጅ፣ የማታው ክፍል ምዝገባ ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር ሊመዘገቡ ተሰልፈው ተራቸው ደረሰ። መዝጋቢዋን ልጅ ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሳቋን ይዛ እንደ ወጉ ጠየቀቻቸው፤ «ማን አመጣዎት?»

«ወይዘሮ እየሩስ» አሉ። «ቀበና ያሉት ልብስ ሰፊ።»