ለበቅሎ የተባለው ጭድ

እንዴት ዋልሽ አልታዬ? ልጆቹስ ደኅና? ከገበያ ነው? የዘንድሮ ኅዳር ውርጭ መቼም... ጣት ይቆርጣል አይደል? እኛስ ተመስገን፣ ባለቤቴ ምንይችል ከማዳበሪያ ኮርኒሳችን በላይ ጭድ ጠቅጥቆበት ሞቆን እናድራለን። ቤቱ ያረጀ ቢሆንም።

ጭድ ስል ትዝ አሉኝ። ስም አልጠራም፤ ትልቅ ወይዘሮ ናቸው፣ ጣራቸውም ከሩቅ ያበራል። በጳጉሜ ጭዱን ስንጠቀጥቅ በአጥር ብቅ ብለው፣ «እናኑ፣ አይጥ ልታረቢ ነው?» አሉኝ። አዋቂ ናቸው እኮ። እሳቸውማ ለሚሊኒየሙ ብለው፣ ልጃቸው ከጅዳ በላከችው ገንዘብ የድሮ ቤታቸውን ሳር አስነሥተው ቆርቆሮ አለበሱት። ከሥሩም ነጭ ላስቲክ ወጠሩ። በመሐሉ ጭድ? ምን በወጣቸው።

ባለፈው እሑድ ለምርቃቱ ጠሩን። አንቺ ወደ ከላላ ሄደሽ አመለጠሽ። ለጋስ ናቸው... ሰዉን ሁሉ አንዲት ክፍል ውስጥ አጨቁት። ሽሮው እዚያው ይንተከተካል፣ በርና መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል። እስትንፋሱም እንፋሎቱም በላስቲኩ ጠርዝ እየሾለከ፣ በዚያ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ላብ ሆነ። ላቡ ወርዶ ላስቲኩ ላይ ተኛ። ቀና ብል ኮርኒሱ የመውለጃዋ ወር የደረሰ ነፍሰ ጡር መስሏል። እኔ ምን አገባኝ? ሽሮዬን ጠቀለልኩ። መሪጌታ ይርዳው ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ... ተገላገለ። ግማሹ በመሪጌታ ጥምጥም፣ ግማሹ በሾፌሩ በሙሐመድአሚን ሽሮ ላይ።

እሳቸው ምንም ሳይደነግጡ፣ «ዝናብ ነው፣ ያባራል» አሉ። ሙሐመድአሚን ወጥቶ ሰማዩን አየና፣ «ወላሂ፣ ደጁ ደረቅ ነው» ብሎ ሳህኑን ይዞ ውጭ ተቀመጠ። ሁላችንም ተከተልነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል... የእሳቸው እያሳሳቀ አስወጣን። ያሙዋቸው ነበሩ፤ እኔ ግን ተከራከርኩላቸው። በልጅ ላብ የተሠራ ቤት ቢያልበው ምን ይገርማል?

ትናንት ደግሞ ሰው ልከው ሁለት ኬሻ ጭድ አስለመኑኝ። «ለበቅሎዬ ነው» ብለው። በቅሎ አላቸው እንዴ? እኔስ አይቼባቸው አላውቅም... ግን ሰጠሁ። ለጎረቤት ጭድ ይነፈጋል? ብቻ በቅሎዋ ጣራ ላይ ሳትወጣ አትቀርም፤ ከረፋዱ ጀምሮ ከወደዚያ መዶሻ ይሰማል።

ልጅቱ ለገና ትመጣለች አሉ። «ቤትሽ እንደ ጅዳ ይሞቃል፣ ጠብታ አያውቅም» ሲሏት በስልክ ሰምቻለሁ። ማድመጤ አይደለም፤ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ ይላል። አይ፣ ደስ ይላል። እንግዲህ እግዜር በሰላም ያግባላቸው። ለእሳቸውም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጅቱንም... እናቷ የነገሯትን ሁሉ በገዛ ዓይኗ ለማየት ያብቃት።

አሜን በይ እንጂ አልታዬ።