የረቡዕ ውሃ

ነይ አመልማል፣ ወደ ጥላው ጠጋ በይ። አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ልጆቹስ? ላሚቱስ ወለደች? እሰይ! ይኸ የከሚሴ ፀሐይ ዘንድሮ ምን ነክቶታል፣ ሽንኩርቴን ከነመደቡ ቀቀለው እኮ! ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ምን ላድርግ፣ እግዜር ሲፈጥረኝ ከገበያ ገበያ እንድጣራ አድርጎ ነው። የቅንጭብ አጥር ደግሞ ወሬ አያስቀር... ቢሆንስ፣ ማን ይሰማናል? ጎረቤቴ እንደሆነች በርበሬዋን እየወቀጠች ነው። ይሰማሻል ሙቀጫው?

ነገ የማርያም ማኅበር አይደል? ሙሴ እንመርጣለን፣ የማኅበሩን አለቃ። አክስትሽ ብሆንም እገሊትን ምረጪ ብዬ እጅሽን አልጠመዝዝም። እኔ ግን ቆርጫለሁ... ያቺን ትጉዋን! በሁለት እጄ! ስሟን አልጠራም፣ ስም መጥራት ሐሜት ነው። ትጋቷ ራሱ ይጠራታል።

አንቺዬ፣ እንደሷ ቤተ ክርስቲያን የሚስም አይተሻል? ዶሮ ሳይጮኽ ትደርሳለች፤ ቄሱ እንኳ እሷን ሲያዩ ያረፈዱ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። ደጀ ሰላሙ በግንባሯ አልተላጠም? እኛ ስንሰግድ ጉልበታችን ይንቋቋል፤ እሷ ስትሰግድ... ነጠላዋ እንኳ አይጨማደድም። ይኸ ጸጋ ካልሆነ ምንድን ነው?

እማማ ጥሩነሽ እግራቸው የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ዘመድ የላቸውም፣ ዘመዳቸው ማኅበሩ ነው ብለን፣ ከቦርከና ወንዝ ውሃ ልንቀዳላቸው ሰባቱን ቀን ለሰባት ሴት ስናከፋፍል፣ መጀመሪያ ብድግ ያለች ማን ነበረች? «ረቡዕን ለኔ!» ስትል እንባዬ መጣ። ረቡዕን! የጾሙን ቀን! እኔ ሆዳሟ ቅዳሜን ይዤ፣ በልቼ ጠጥቼ ነው እንስራዬን የማነሣው። ምን ዋጋ አለው?

ለካ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቅጽሩ አትወጣም። እውነቷን ነዋ! ጾመኛ እንስራ ያዝላል እንዴ? የሷ ወገብ ለስግደት የተለየ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የኛዋ መቼ ቸኮለች... ያልቀዳችውን ከየት አምጥታ ታፍስስ?

የእማማ ጥሩነሽን ጎረቤት፣ ፋጡሜን ተያት። ማን ተራ ሰጣት? ማኅበርተኛ አይደለች፣ ጽዋ አትጠጣ። ሁለት ወር ሙሉ በየረቡዑ፣ ረመዳኗን ይዛ እንኳ፣ ከንፈሯ ክው ብሎ የእማማ ጥሩነሽን ጋን ሞልታ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ውልቅ ትላለች። ለአንድ ሰው እንኳ አላወራችም! ወግ አታውቅም። ትጋት እንዲህ ተደብቆ ይሠራል?

ባለፈው ሳምንት ልጇ ወልዳላት ፋጡሜ ባቲ ሄደችና ነው ጉዱ... በረከቱ ማለቴ ነው፣ በረከቱ የተገለጠው። ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብል፣ እማማ ጥሩነሽ ከመደብ ወርደው፣ በዚያ እግራቸው፣ ወደ ጋኑ ይሳባሉ። ጋኑ ደረቅ። ምላሳቸው ከላንቃቸው ተጣብቋል። አጠጥቼ «ረቡዕ የማን ተራ ነው?» ብላቸው፣ «የፋጡሜ ነዋ» አሉኝ። ታያለሽ? እኒህ ሴትዮ የማኅበሩን ተራ እንኳ በቅጡ አያውቁም!

እኔ መቼስ ፊደል ከ«ለ» አላለፍኩም። ግን ቄሱ የተጠማ ስላጠጡ ሰዎች ሲያነቡ ሰምቻለሁ። «ከረቡዕ በቀር» የሚለው እኔ ሳንቀላፋ አልፎኝ ይሆናል።

...አመልማል፣ ሙቀጫው ምነው ዝም አለ? በርበሬው ደቀቀ መሰል። ወይስ ዓይኗ ገባ? ወይኔ! መታጠቢያ ውሃ ይኖራት ይሆን? ግድ የለም፣ ፋጡሜ ነገ ትመለሳለች።

በይ ተነሺ፣ ያቺን ትጉ ሳንመርቃት አንለያይም። እጅሽን ዘርጊ! እመብርሃን ዕድሜዋን ታርዝምላት። እማማ ጥሩነሽ ከደረሱበት ታድርሳት። አልጋ ላይ በዋለች ጊዜም ባዕድ አያንገላታት... ልክ እንደ ራሷ ያለች፣ በትጋት እሷኑ የምትመስል ሴት ትዘዝላት። ረቡዕን ብቻ አይደለም፣ ሰባቱንም ቀን!

አሜን በይ እንጂ!