ሰኞን ከማክሰኞ የለየ መብራት

በ1979 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ ዝናቡ ጂንካን በጭቃ አስሮ በያዛት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሣር አቋርጬ እሄድ ነበር። ማረፊያው ከተማው መሐል ስለሆነ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ሰውም ከብትም እንደ ልቡ ያቋርጠዋል። መሐሉ ላይ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ሲከራከሩ አገኘሁ። የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ክርክር እያየሁ ማለፍ አልችልም፤ ይህ ጠባዬ ስንት ቀን ምሳዬን አቀዝቅዞብኛል።

አንደኛው አቶ ገብረወልድ ነበሩ። ከመሐል አገር መጥተው ጂንካ ውስጥ ሱቅ ከከፈቱ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው፣ ቃላቸውን አክባሪ፣ ነገር ግን አንዴ እምቢ ካሉ ማንም የማይመልሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ሙሴ ዶላሞ ነው፤ የአካባቢው የአሪ ገበሬ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ የተመለሰና በከተማው ጄኔሬተር ጣቢያ የሚሠራ ወጣት።

«መምህር፣ እንኳን እግዜር አመጣዎት» አሉ አቶ ገብረወልድ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «ይህ ልጅ በረንዳዬ ላይ መብራት ካልሰቀልኩ ብሎ ቁም ስቅሌን እያሳየኝ ነው። እስቲ ይዳኙን።»

«ጋሼ፣ ተራ መብራት አይደለም እኮ» አለ ሙሴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። «የሚነበብ መብራት ነው። የክትባቱን ቀን በብርሃን የሚጽፍ ሰሌዳ።»

«እኔ ደግሞ ከጽሑፍ ጋር ተጣልቻለሁ። ሁለተኛ በረንዳዬ ላይ ፊደል አይሰቀልም።»

ከጽሑፍ ጋር ለምን እንደተጣሉ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የክትባት ቡድን በአውሮፕላን የሚመጣው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው፤ ሜዳው ካልደረቀ ሰኞ ማረፍ አይችልም። የትኛው ቀን እንደሆነ በሬዲዮ መልእክት ሲደርስ፣ ቀኑ በአቶ ገብረወልድ በረንዳ ላይ ባለው ሰሌዳ ይጻፍ ነበር፤ ሱቃቸው ከላይኞቹ የአሪ መንደሮች በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ ነውና። ባለፈው ጥቅምት አቶ ገብረወልድ በገዛ እጃቸው በጠመኔ «ክትባት» ብለው ከላይ፣ «ማክሰኞ» ብለው ከታች ጻፉ። ነፋስ ይዞት የመጣ ዝናብ የሰሌዳውን የታችኛውን ግራ ጥግ አጠበው። «ማክ» ሄደ፤ «ሰኞ» ቀረ።

እናቶች ሰኞ ልጆቻቸውን አዝለው ወርደው እስኪመሽ ጠበቁ፤ ከዚያም ተስፋ ቆርጠው ዳገቱን ወጡ። ማክሰኞ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከከተማው ሰው በቀር የጠበቀው አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ኩፍኝ ላይኞቹ መንደሮች ገባ። ሰኞ ወርደው ከተመለሱት እናቶች የአንዷ፣ የሣራ ልጅ ከሞት ተረፈ፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ። ይህችን ሣራ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። አሁን ዘጠኝ ወር የሞላት ሴት ልጅ አለቻት፤ የሚቀጥለው ክትባት ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

እያወራን ወደ ሱቁ ሄድን። አቶ ገብረወልድ መንገድ ላይ እንኳ ክርክሩን አልለቀቁም።

«ድሮ ሰው ሰውን ይጠይቅ ነበር» አሉ። «ሣራ ማንበብ ባትችል ኖሮ ገብታ ‹መቼ ነው?› ትለኝ ነበር፤ እኔም እነግራት ነበር። አነበበች፣ ደስ አላት፣ ሄደች። መምህር አይቀየሙኝና፣ ልጇን የጎዳው ፊደል ነው።»

እውነቱን ለመናገር ተቀየምኩ። የመለሰላቸው ግን ሙሴ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፤ ዕቃ ለማምጣት ሲሄዱ ሱቁ ይዘጋል። ወደ ካኮ ገበያ በማለዳ የሚያልፈው ሰው ማንን ይጠይቅ? ከዚያም የሰማው ለጎረቤቱ ሲነግር፣ ጎረቤቱ ለሌላው ሲነግር፣ ወሬው ላይኛው መንደር ሲደርስ ሰኞው ረቡዕ ይሆናል። ጥፋቱ የፊደል አይደለም። ጥፋቱ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ የሚቀር ጽሑፍ መጻፋችን ነው።»

«ታዲያ ያንተስ?» አሉ ሽማግሌው ቆም ብለው። «ፊደሉን የምትሠራው አምፖል ደርድረህ አይደል? የ‹ማክ› አምፖሎች ቢቃጠሉ ያው ሰኞ ይቀር የለም? ዝናቡን በአምፖል ለወጥከው እንጂ ምን አመጣህ?»

ጥያቄው ልክ ስለነበረ ፈገግ አልኩ። አንባቢዬ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ኋላ ቀር ብለን ለማለፍ እንቸኩላለን፤ ትክክለኛውን ጥያቄ የሚጠይቁት ግን ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሱቁ ስንደርስ ሙሴ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአቶ ገብረወልድን ቴፕ አየና ከፈተው። በፊቱ ላይ ጤፍ የምታክል ቀይ ነጥብ በራች።

«ጋሼ፣ ይህን ቴፕ ከገዙት ስንት ዓመት ሆነ?»

«ስድስት።»

«ይችን ቀይ መብራት ለውጠዋት ያውቃሉ?»

«ኧረ እሷ መቼ ተበላሽታ!»

«ውስጧ እንደ አምፖል ግሎ የሚበጠስ ሽቦ የለም። ኤል ኢ ዲ ይሏታል። ኤሌክትሪኩ በትንሽ ጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ ራሱ ጠጣሩ ያበራል፤ አይግልም፤ የምትበላው ኃይልም ከምንም አይቆጠርም። በውጭ አገር እነዚህን በሺህ እየደረደሩ ሰው አደባባይ ቆሞ የሚያነበው ሰሌዳ መሥራት ጀምረዋል። እያንዳንዷ ነጥብ መቼ ትብራ፣ መቼ ትጥፋ የሚለውን የሚያዝ መሣሪያ ከኋላ አለ፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ የፈለጉትን ሁሉ ይጽፉበታል። አንድ ቀን እኛም ጋ ይደርሳል።»

«ሲደርስ ንገረኝ» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ቢሆንም ሺህ ነጥብ ሺህ ሽቦ አለው። አንዱ ወገን ቢላቀቅስ?»

«እሱን ነው ልነግርዎ የመጣሁት። እኔ የምሠራው ሌላ ነው፤ አምፖሉ አንድ ብቻ ነው።»

ከቦርሳው አንድ ጥቅል አወጣ። ዓሣ ማጥመጃ የሚመስል ነጭ ቀጭን ክር ነው፤ ከአንድ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰባብሮ ከተጣለ የጌጥ መብራት የአዲስ አበባ አስተማሪው ፈቅዶለት የፈታው። ፋይበር ኦፕቲክ ይባላል አለ፤ በአንድ ጫፉ የገባ ብርሃን ክሩ ቢጠመዘዝም ተከትሎት ሄዶ በሌላው ጫፍ ይወጣል።

አቶ ገብረወልድ ሳቁ። «ልጄ፣ ብርሃን ሲታጠፍ አይቼ አላውቅም። ፀሐይ እንኳ ጥግ ዞራ አትገባም።»

ሙሴ አልተከራከረም። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ለመነ፤ ጎኑን ወደ ታች ጠጋ አድርጎ በምስማር በሳውና ቀዳዳውን በጣቱ ደፍኖ ውሃ ሞላው። የእጅ ባትሪውን አብርቶ በላስቲክ ጠቀለለና መብራቱ ወደ ቀዳዳው እንዲያይ አድርጎ ውሃው ውስጥ ነከረው። ወደ ጓዳ ገባን፤ በሩ ሲዘጋ ጨለማ ሆነ።

«መዳፍዎን ከታች ይዘርጉልኝ» አለና ጣቱን አነሳ።

ውሃው ወደ ፊት ተወርውሮ ቁልቁል ታጠፈ። ብርሃኑም አብሮት ታጥፎ ወርዶ የሽማግሌው መዳፍ ላይ በራ። አቶ ገብረወልድ እጃቸውን ወደ ግራ አሸሹ፤ መዳፋቸው ጨለመ። መለሱት፤ በራ። ቆርቆሮው እስኪጎድል ድረስ ይህንኑ ደጋገሙት።

«የውሃው ግድግዳ ብርሃኑን ከውስጥ ወደ ውስጥ እየመለሰ ነው የሚያወርደው» አልኩ፤ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩማ። «ብርሃኑ ራሱ በየአንዳንዱ እርምጃ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ግድግዳውን በሰያፍ ስለሚመታ ግን ሾልኮ መውጫ ያጣል። ክሩም እንደዚያው ነው።»

«ያሰብኩትን አሁን ልናገር» አለ ሙሴ በሩን እየከፈተ። «የክሮቹን ጫፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በፊደል ቅርጽ እሰካለሁ፤ ሌላው ጫፋቸው አንድ ላይ ታስሮ አንድ የመኪና አምፖል ፊት ይቆማል። አምፖሉ ከበራ ‹ማክሰኞ› በሙሉ ይነበባል። ከተቃጠለ ሁሉም ይጠፋል። ይህ ሰሌዳ ወይ እውነቱን ሁሉ ይናገራል፣ ወይ ዝም ይላል። ግማሽ መናገር አይችልም።»

አቶ ገብረወልድ እርጥብ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሠርተህ አምጣው» አሉ። «እኔ ካላመንኩበት ግን አይሰቀልም።»

ሙሴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠራው። ኮምፔንሳቶ በጥቁር ቀለም ቀባ፤ በጋለ ወስፌ እየበሳ ክሮቹን ሰካ፤ ቀን በጥላ ውስጥ እንዲታይ ከፊቱ ከቆርቆሮ ከለላ አበጀለት። ከአምፖሉ ጋር የሚያያዘውን የመኪና ባትሪ ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት ሊሞላው አሰበ። «ክትባት» የሚለውን በነጭ ቀለም ከላይ ጻፈው። ቅዳሜ ጠዋት ይዞት መጣና በረንዳው ላይ አበራው። አምሮ «ማክሰኞ» አለ። ማብሪያውን አንዴ ሲነካው ደግሞ «ሰኞ» አለ። ገበያተኛው ተሰበሰበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

አቶ ገብረወልድ አላጨበጨቡም። ጎንበስ ብለው ከሰሌዳው ጀርባ አዩ።

«አምፖሉ ሁለት ነው።»

«ክር እንዳይባክን ብዬ ነው ጋሼ» አለ ሙሴ። «‹ሰኞ› ለሁለቱም ቀን ያገለግላል። ማክሰኞ ሲሆን ‹ማክ› የሚለውን በሌላው አምፖል እጨምርበታለሁ።»

«የ‹ማክ› አምፖል ቢቃጠልስ?»

ሦስታችንም ሰሌዳውን አየነው። ያ የታጠበው ጥግ በብርሃን ተመልሶ መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ የተማረው ወጣትም፣ ያጨበጨብኩት አስተማሪም ቀድመን አላየነውም፤ ያዩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አታፍር» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ። «እኔም ያኔ ግማሹ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም። ሰኞን ከማክሰኞ ጋር በፍጹም አታጋራ። ለየብቻ መስመር፣ ለየብቻ የክር እስር ስጣቸው። አምፖሉ ግን አንድ ይሁን፤ ከአንዱ እስር ፊት አንስተህ ከሌላው ፊት የምታቆመው።»

«ክሩ አይበቃኝም ጋሼ። ፊደሎቹ ሊያንሱ ነው።»

«ይነሱ! ጎላ ብሎ ከሚያሳስት አንሶ እውነት የሚናገር ይሻለኛል። ወስፌውን አምጣ፣ እኔ እበሳለሁ።»

በዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው እስከ ከሰዓት በኋላ ሠሩት። «ክሩ ራሱ ቢበጠስስ?» ብለው ሲጠይቁም ሙሴ እየሳቀ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ክሮች በእስሩ ውስጥ አራርቆ አሰራቸው፤ ጥቂት ቢበጠሱ ከየፊደሉ አንድ አንድ ነጥብ ይጎድላል እንጂ አንድ ፊደል ብቻውን አይጠፋም። እኔ ወንበር ከማቀበል በቀር ምንም አልረዳሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሬዲዮው መልእክት ማክሰኞ አለ። ቅዳሜ ለገበያ የወረደው ሰው ሁሉ አነበበው። እሑድ ግን፣ አቶ ገብረወልድ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ አምፖሉ ተቃጠለ። ከቅዳሴ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቻቸው አብረን ስንመለስ፣ ሰሌዳው ጥቁር ሆኖ፣ ሣራ ልጇን ታቅፋ በተዘጋው በር ፊት ተቀምጣ አገኘናት። ቅዳሜ ገበያ አልወረደችም ነበር።

«ጋሼ፣ መብራት የለም» አለች ተነስታ። «ሰኞም አይል፣ ማክሰኞም አይል። ስለዚህ ቁጭ አልኩ። እርስዎን ሳልጠይቅ አልሄድም።»

አቶ ገብረወልድ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በሩን ሳይከፍቱ ቆሙ።

«ማክሰኞ ነው ልጄ» አሉ። «ባለፈውም ማክሰኞ ነበር። በጠመኔ ጽፌ፣ ጠዋት ተነስቼ ሳላየው የዋልኩት እኔ ነኝ። ፊደሉን ስከስ ከረምኩ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።»

ሣራ ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ዓይኑ አይመለስም» አለች። «ይቺን ግን ማክሰኞ አመጣታለሁ።»

ማክሰኞ በአራት ሰዓት አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሜዳው ዳር በእናቶች ተሞልቶ ነበር፤ ሰልፉ የማረፊያውን ሣር አልፎ ገበያው ድረስ ሄዷል። ዕድሜው ካልደረሰ ልጅ በቀር መድኃኒት ሳይወጋ የተመለሰ የለም፤ ከመድኃኒቱም ወደ መጣበት የተመለሰ የለም። አዲስ ነገር የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፦ የተማረው ዕውቀቱን ሲያመጣ፣ የኖረው ደግሞ ስሕተቱን ሳይደብቅ ሲያሳየው። ሙሴ ብቻውን ቢሠራው ሰሌዳው ያምርና ያሳስት ነበር፤ አቶ ገብረወልድም በእምቢታቸው ቢጸኑ ቅዳሜ ያነበበው ገበያተኛ ሁሉ ቀኑን በወሬ ብቻ ይሰማ ነበር።

አቶ ገብረወልድ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ሰልፉ ዳር ቆመው ነበር። የሣራ ልጅ ተራ ሲደርስና መርፌው ሲነካት ሜዳውን በጩኸት አናወጠችው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሙሴ አዙረው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ።

«ትጩህ» አሉ። «ትጩህ፣ ተዋት።»