ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረው ላፕቶፕ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም ከነአያት፦ አዛለች ጌጡ ተገኘ
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ ኮምፒውተር ጥገናና ጽሕፈት
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ቀበሌ 03፣ መናኸሪያ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጥር 27 ቀን 2012 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ በአቶ ማሩ አያሌው ላይ የተፈጸመ ግድያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ይሻው ታረቀ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር እውነቱን ለመናገር ምያለሁ። ሟች ማሩን በሕይወት እያለ የማውቀው ለሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከተጠርጣሪው ከሙላቴ ካሴ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም።

ትናንት ማክሰኞ ጥር 26 ቀን ከጠዋቱ 2:30 ሲሆን፣ ገሳይ ከተማ የሚያስተምሩት ደንበኛዬ መምህር ሞገስ ላፕቶፓቸውን ወደ ሱቄ አመጡ። ላፕቶፑ አሮጌ ነው። ማጠፊያው በፕላስተር ተጣብቋል፤ ባትሪው ሞቶ በመብራት ብቻ ነው የሚሠራው። በየቀኑ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ያለውን ፋይል ሁሉ ራሱ ወደ ውጭ ዲስክ እንዲገለብጥ፣ እኛ ባክአፕ የምንለውን ማለት ነው፣ ሌላ ባለሙያ አስተካክሎላቸው ነበር። ሆኖም ዲስኩን ሲከፍቱት አንድም ቀን ያልገለበጠ ባዶ ሆኖ አገኙት። ለምን እንደሆነ እንድፈልግና እንድጠግነው ነገሩኝ።

ላፕቶፑ ውስጥ የሟች ዋልልኝ ካሴ ቃል መኖሩንም ነገሩኝ። ዋልልኝ ጥር 12 ቀን፣ በኋላ እንደሰማሁት ጎህ ሲቀድ፣ ጉና ተራራ ሥር ካለው መንደሩ በጥይት ተመትቶ ገሳይ ጤና ጣቢያ ደርሶ ነበር። የነፍስ አባቱ «ቃሉ ይያዝ» ስላሉና የመምህሩ ስልክ ቻርጅ ስላልነበረው፣ መምህሩ በላፕቶፑ ካሜራ ቀዱት። ዋልልኝ የሞተው በዚያው ቀን ነው። ሀገሩ ሁሉ ገዳዩ በወሰን የተጣላው ማሩ ነው ይል ነበር። የተቀዳው ቃል ግን ሌላ ስለሚል፣ የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አስቀምጠው ሊያሰሙት ቀጠሮ ይዘዋል። መምህሩ ሲወጡ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ነገር ከጠፋ ማሩን የሚያተርፈው የለም» አሉኝ። የተመታበትን ሰዓት ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስከ ቀኑ 6:00 ምንም አልሠራሁም። መብራቱ እንደመጣ ላፕቶፑን ከፈትሁና ዲስኩን ሰካሁ። ገመዱን ቀየርሁ፣ የዲስኩን ጤንነት መረመርሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

6:30 ሲሆን ሙላቴ ካሴ ብቻውን ገባ። የዋልልኝ ታላቅ ወንድም መሆኑን በትሕትና ነገረኝና «እህቴ፣ የወንድሜን ድምፅ አሰሚኝ» አለ። በዚያን ጊዜ አንቱ ብዬ አክብሬ ነው ያናገርሁት፤ ከዚያ በኋላ ከሆነው የተነሣ ግን አሁን አንቱ ማለት አልቻልሁም። መምህሩ ከእሁድ በፊት ለማንም እንዳላሰማ አዘውኛልና እንደማልችል ነገርሁት። «እሺ፣ መቼ እንደተቀዳ ብቻ ንገሪኝ» አለ። ይህን መከልከል ክፋት መሰለኝ። ፋይሉን አየሁት፤ ቀኑ ወደ እኛ ሲመለስ ጥር 12 ነው፤ ሰዓቱ 3:10 ኤኤም ይላል፤ ኤኤም በፈረንጅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ያለው ነው። ስድስት ዓመት ቤይሩት ስሠራ የፈረንጅ ሰዓት መተርጎም ለምዶብኛል። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥር» አልሁት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። እኔም ባለሙያነቴ ተነካ መስሎኝ «ማሽን አይዋሽም» ብዬ መለስሁለት። አመስግኖኝ ወጣ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይኸው እኔ በአፌ ሰው አስገደልሁ።

እሱ ከወጣ በኋላ የባክአፑን መዝገብ ከፈትሁ። በየቀኑ «በቀጠሮው ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ነበር» ይላል። መምህሩ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ በላፕቶፑ እያስተማሩ ናቸው። ነገሩ አልገባኝም። የግድግዳዬ ሰዓት ሰባት ከሃያ ይላል፣ ላፕቶፑም ሰባት ከሃያ ይላል። ብዙ ካፈጠጥሁ በኋላ ነው ከላፕቶፑ ሰዓት አጠገብ ኤኤም የሚለውን ያየሁት። ከቀትር በኋላ ኤኤም ሊሆን አይችልም፤ በትክክል የተሞላ ማሽን በዚያ ሰዓት 1:20 ፒኤም ነው የሚለው። መምህሩ ላፕቶፑን ሲገዙ በእጅ ሰዓታቸው፣ በእኛው በሀገራችን ሰዓት ሞልተውታል። ስለዚህ ማሽኑ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የቀኑ ስምንት ሰዓት የሚደርስበት እኛ ዘንድ ከምሽቱ ሁለት ሲሆን ነው። በዚያ ሰዓት መምህሩ ዘግተውት እራት ላይ ናቸው።

ብቻዬን ሳቅሁ። ሰዓቱን አስተካከልሁ። ፋይሉን ወዲያው በእጄ መገልበጥ እችል ነበር፤ ጥገናዬ መያዙን ለማየት ግን ስምንት ሰዓት እስኪሆን ልጠብቅ ብዬ ተውሁት። የማሽኑ ሰዓት ስድስት ሰዓት ከተሳሳተ፣ ለሙላቴ ያነበብሁለት ሰዓትም ስድስት ሰዓት እንደተሳሳተ ግን አላሰብሁም። ይህን ለራሴ ይቅር ልለው አልችልም።

7:40 ሲሆን ማሩ መጣ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ላፕቶፑን እንዲወስድ እሱን ልከውታል። ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። መጠገኑን ስነግረው ወንበር ስቦ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠና «ሁለት ሳምንት በየዘመዱ ቤት ተደብቄ ከረምሁ፤ እሁድ ልጆቼን አያለሁ» አለኝ። ልክ 8:00 ሲሆን የዲስኩ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። «ይኸው፣ እየገለበጠ ነው» አልሁት። ጎንበስ ብሎ አየው።

8:05 ላይ፣ ማሩ ሲገባ ከውጭ አይቶት ይመስለኛል፣ ሙላቴ በሩን በርግዶ ገባ። ከጋቢው ሥር መጥረቢያ አወጣ። የማሩን ትከሻ መታው። የአጥንቱ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ማሩ ከወንበሩ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ሊገባ ሲሞክር በድጋሚ ጭንቅላቱን መታው። ደሙ ግድግዳው ላይ፣ የደንበኞች ወረቀት ላይ፣ ፊቴ ላይ ተረጨ። ሙላቴ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜ ከጎኔ ተኝቶ ነበር! የማንን ድምፅ ነው ያዘጋጃችሁልኝ?» እያለ ይጮህ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። «ተሳስቼ ነው! ሰዓቱን የተሳሳትሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ፤ አልሰማኝም። ከባዱን የመብራት ማመጣጠኛ፣ ስታብላይዘሩን፣ አንስቼ ደረቱ ላይ ወረወርሁበት። መጥረቢያውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሣ ቀኝ እጄን ጣልቃ ሳስገባ ክንዴን አገኘው። ከዚያ ዞሮ ላፕቶፑን ሁለት ቦታ ከፈለው።

የጎረቤቴ ልብስ ሰፊ መልካሙና ሁለት የመናኸሪያ ጫኞች ገብተው ጣሉትና በገመድ አሰሩት። ማሩን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሳይደርስ ማረፉን በኋላ ሰማሁ።

ክንዴን በነጠላዬ አሰርሁና ዲስኩን በግራ እጄ ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ቅጂው ሙሉ ነበር። ማንም ሳያዘኝ ከፈትሁት። ዋልልኝ እያቃሰተ «ሙላቴ ወንድሜ፣ ማሩ የለበትም። ካብ ስዘል የገዛ ጠመንጃዬ ባርቆብኝ ነው። ደሜን ከሰው እንዳትፈልግ፣ በሥላሴ አስምዬሃለሁ» ሲል ሁላችንም ሰማን። ሙላቴ የታሰረበት መሬት ላይ ሆኖ ድምፁን አወቀው። መጮሁን አቁሞ ቀስ ብሎ «ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?» አለ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥር» አልሁት። ከዚያ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው።

ያየሁት፣ የሰማሁትና የሠራሁት ይህ ነው፤ ለማንም ስል አልጨመርሁም፣ ለራሴም ስል አልቀነስሁም። ቃሌ ተነቦልኝ፣ የኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቀኝ እጇ በፋሻ በመታሰሩ የግራ አውራ ጣት አሻራ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ይሻው ታረቀ (ፊርማ)
የቀረበ ኤግዚቢት፦ አንድ መጥረቢያ፣ አንድ የተሰበረ ላፕቶፕ፣ አንድ ውጫዊ ዲስክ
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4:30፤ ምስክሯ «በሀገራችን ሰዓት ተብሎ ይጻፍልኝ» ስላለች ተጽፎላታል።