የእትዬ የጎደሉ እንቁላሎች

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ እትዬን ለመሸኘት የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ያክብራችሁ። ብዙዎቻችሁ «ይሄ አናጢ ደግሞ ምን ሊል ተነሳ?» እያላችሁ በጎን እያያችሁኝ ነው። ጠርጥሩ። እትዬም ይጠረጥሩኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት በአንድ አጥር ስንጎራበት፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲሉ ያልሰማሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ከመሃላችሁ የእትዬን እንቁላል ያልበላ ማን አለ? በራቸው ላይ ቆማችሁ ስትገዙ ትዝ ይላችኋል? እንቁላሉን ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ይከቱታል። ታች ከተኛ ትኩስ ነው። ከዚያ ቀና ብለው እንቁላሉን ትተው እናንተን ያያሉ። ኬክ ጋጋሪዋ አንድ ቀን ቸኩላ እጇን ብትሰድ፣ የነካሽውን ትገዣለሽ አሏት። ገዛች። ማን ይከራከራቸዋል?

ሙያቸው ግን ሌላ ነበር! ጠዋት ጠዋት ዶሮዎቹን አንድ በአንድ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ከኋላ በጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና «ዛሬ ስድስት» ይላሉ። ስድስት ይሆናል። አራት ካሉም አራት። ከእትዬ ጣት የተደበቀ እንቁላል አልነበረም።

መዘዙም ከዚሁ መጣ። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ስድስት ብለው አምስት ተገኘ። በማግስቱም ጎደለ። በሦስተኛውም። ጣታቸው አይሳሳትም፣ ዶሮ አትዋሽም፤ እንግዲህ የዋሸው ሰው ነው። ማን? እንቁላል የምትሰበስብላቸው ታናሽ እህታቸው ነበረች። ቅርጫቷን ፈተሹ። ኪሷን ዳበሱ። የዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዱቄት ነስንሰው የእግር ዱካ ጠበቁ። የተገኘው የሷ ዱካ ብቻ ነው። ሰብሳቢዋ እሷ፤ የማን ይገኝ ታዲያ?

አንድ እሑድ፣ ገዢ በተሰለፈበት፣ «ሌባ» አሏት። የእናታቸውን ልጅ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ሰማሁ። እናንተም ሰማችሁ። እሷ ምን አደረገች? ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እንቁላሉን የበላሁት እኔ ነኝ።

አትንጫጩ፣ ልጨርስ። ዶሮ ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣውላ አጥሮኝ በስተጀርባ፣ በአጥራችን በኩል፣ ክፍተት ትቼ ነበር። ቀይዋ ዶሮ በዚያ ሾልካ፣ እኔ ግቢ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ሰጋቱራው ላይ ትጥላለች። እኔ ሲሳይ መሰለኝ። እህትየዋ በኔ ሲሳይ ሌባ መባሏን ሳውቅ አፈርኩ። ክፍተቱ ላይ ጣውላ መታሁና ዝም አልኩ። እንቁላሉ መጉደሉን አቆመ። እሷ በሄደች ማግስት አቆመ! ሰፈሩም «አላልንም?» አለ።

ባለፈው ሳምንት ታመው ሲተኙ ግን፣ ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ልናገር ስል ቀደሙኝ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያን ሰሞን ቀይዋን ስይዛት ላባዋ ሰጋቱራ ይዞ ነበር። ወዲያው አንተ አዲስ ጣውላ መታህ። እኔን ማን ያሞኛል?»

«ታዲያ እትዬ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«ያወቅኩት ሌባ ካልኳት በኋላ ነዋ። በምን አፌ ልመልሳት?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት፤ ሰው ፊት ንገርልኝ» አሉ።

ይኸው ሰው ፊት ነን። ዛሬ እህታቸው ለቅሶው ቤት ስትገባ፣ ቦርሳችሁን ወደ ጉያችሁ የሳባችሁ አላችሁ። አይቻለሁ። እሷም አይታችኋለች።

አንቺ ከኋላ የቆምሽው፣ ወደ ፊት ነይ። መንገድ ልቀቁላት። ሌባ አይደለሽም። ሆነሽም አታውቂም። እህትሽ ያውቁ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ሁለታችንም አፍረን ዕዳውን አንቺ ላይ ጣልን። ዛሬ እዚሁ ይቅር በዪን ብዬ አላስጨንቅሽም። ሰባት ዓመት በአንድ ንግግር አይካስም።

እትዬ፣ የላኩኝን አድርሻለሁ። በራስዎ አንደበት ቢሉት ምናለ? አዝኜብዎታለሁ። ራሴንም አልማርኩትም። ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ ይህን ሁሉ ገና ሳትሰማ፣ ሌባ እንደተባለች፣ ዛሬ ማለዳ ከሁላችን ቀድማ መጥታ ገላዎን ያጠበችው እሷ ናት። ደህና ይሂዱ፣ እትዬ።