በደረቅ ጠዋት መለኪያው ውስጥ ያገኘሁት ውሃ

ባኮ ሳለሁ ሥራዬ በየጠዋቱ ጓሮዬ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ እያየሁ መመዝገብ ነበር። ኤልኒኖ ነው ባሉን ክረምት መዝገቡ ዜሮ በዜሮ ሆነ። ብቻዬን ስለምኖር ጠዋት የሚያናግሩኝ በቆሏቸው የደረቀባቸው ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ነበሩ። አጥሩን ተደግፈው «ዛሬስ?» ይሉኛል።

«ዜሮ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ።»

«ለምን?»

«ሩቅ ያለ ውቅያኖስ ሞቆ ነው አሉ። እሱ ሲሞቅ የኛ ዝናብ ይቀራል።»

«አይተኸዋል?»

«ኧረ የት አይቼው!»

«እሱም እኛን አላየንም» አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው «አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ብትጽፍ ምናለ!» አሉኝ።

በማግስቱ መለኪያውን ስከፍት ግማሽ ድረስ ውሃ አለው። መሬቱ ግን አቧራ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ። ማን እንደጨመረው ወዲያው ገባኝ። «በሥራዬ ይቀለድብኛል እንዴ!» ብዬ ልቆጣቸው ወደ አጥሩ ሄድኩ። በራቸው ተቆልፏል። በሬዎቻቸውን ሸጠው ጎህ ሲቀድ አምቦ ልጃቸው ዘንድ መሄዳቸውን ሰዎች ነገሩኝ።

መዝገቡ ላይ ያንኑ ዜሮ ጻፍኩ። ውሃውን አጥሩ ሥር በቆመው በቆሏቸው ላይ አፈሰስኩት። በሚቀጥለው ጠዋትም ለካሁ፤ ከዚያ ማንም ወደሌለበት አጥር ዞሬ «ዜሮ ነው፣ ኦቦ ቶሎሳ» አልኩ።